ቴሌግራም የሌለው ስልክ

ይህን ስልክ የገዛሁት ወድጄ አይደለም። ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ድንገት ፍሬን ያዘ። ትልቁ ስልኬ ከእጄ ወደቀና ስክሪኑ እንዳልነበር ሆነ። ደሴ ፒያሳ ያለው ጠጋኝ "ስክሪኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አስር ቀን" አለኝ። እስከዚያው ብዬ በ1,300 ብር ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛሁ። ሚያዝያ 2015 ነበር። ዛሬም ከኪሴ አልወጣም።

ቻርጁ አምስት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪው ለስፌት ይበቃኛል። ሬዲዮው ጥርት ያለ ነው፤ ማዳመጫ ካልሰኩበት ግን አይሠራም። አማርኛ መጻፍ ጣጣ ነው፣ ትቼዋለሁ። ቴሌግራም የለውም። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አባቴ ያረፈው ጦርነቱ ከደሴ በወጣ በጥቂት ወሩ ነው። ለቅሶው ላይ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳህን አጠቡ። አልሰበኩኝም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት እየደወሉ "እንዴት አደርሽ?" ይሉኝ ጀመር። የለቅሶ ቤት ሳህን ያጠበላችሁ ሰው "ማኅበራችን ነይ" ሲላችሁ፣ እስቲ እምቢ በሉ!

መጀመሪያ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የቴሌግራም ጸሎት መጣ። የቀረ ሰው ስሙ ይነበባል። የልባችንን ክፉ ሐሳብ በድምፅ ቀድተን ለመሪያችን እንልካለን፤ በሳምንቱ ስብከቱ ውስጥ እንሰማዋለን። ቀጥሎ ቡና ተከለከለ። ወሎ ውስጥ ቡና የሚከለክል ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ቡና ካልጠጣሁ ጎረቤት አልሄድም። ጎረቤት ካልሄድኩ "ምን ነካሽ?" የሚለኝ የለም። ከእድርም ወጣሁ። ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ይጠይቃል? ዓለም የምታልፍበት ቀን ተነገረን። ቀኑ መጣ፣ ዝናብ ዘነበ፣ መሸ። "በጸሎታችሁ ተራዘመ" ተባልን። አሁን ያስቀኛል። ያኔ ግን በደስታ አለቀስኩ።

ይህን ስልክ በያዝኩ የመጀመሪያው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ አልነበረም። እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኛሁ። ከቀናት በኋላ እየሰፋሁ ሬዲዮ ከፈትኩ። ኬንያ ውስጥ፣ ማሊንዲ አካባቢ፣ ሻካሆላ በሚባል ጫካ አስከሬን እየተቆፈረ ነው ይላል። ኢየሱስን እንድታገኙ እስከ ሞት ጹሙ የተባሉ ሰዎች ናቸው። ቁጥሩ ኋላ ከ400 አልፏል። እኛ ደግሞ ፋሲካ አልፎም ውሃ የሌለበት ጾም ላይ ነበርን። ለእኔ ሁለተኛ ቀኔ ነው። የስፌት መኪናውን አቆምኩና ውሃ ጠጣሁ።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልተከራከረችኝም። "ቡናው ፈልቷል" ብቻ ትለኛለች። እኔ አልሄድም። በነጋታው ደግማ ትለኛለች። ያን ዕለት ሄድኩ። አቦሉ አልፎ ቶናው ላይ ደረስኩ። የት ከረምሽ አላለችኝም። ስኒ አለቅልቃ፣ ጤና አዳም ጣል አድርጋ ቀዳችልኝ።

ትልቁ ስልክ ተሠርቶ ሲመጣ የመልእክቱ ብዛት! ግማሹ "ናፈቅሽን"፣ ግማሹ እርግማን። ቴሌግራሙን አጥፍቼ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ቁጥር ማገድ ስለማይችል ነው። ለወራት ሲደውሉብኝ ከረሙ። አሁን የምትደውለው አንዷ ብቻ ናት፤ ሳህን ካጠቡልኝ ሁለቱ አንዷ። እሷ ገና እዚያው ናት። ስሟን "ሳህን" ብዬ መዝግቤዋለሁ። ስትደውል አነሳለሁ። ስለ ማኅበሩ አናወራም። "ሰኞ ገበያ ስትወጪ ጎራ በይ፣ ቡና አፈላለሁ" እላታለሁ። እስካሁን አልመጣችም። ባለፈው ግን ስንት ሰዓት ላይ እንደማፈላ ጠየቀችኝ።