ስሙ ዋጋ፣ መግቢያው ነፃ

ነጥቡን ቀድሜ ልስጥ፣ ወሬው ይከተላል። ለትርኢቱ ከአምስት አራት። እዚያ ላደረሰኝ አስጎብኚ ድርጅት አንድ፣ እሷንም የሰጠሁት ሹፌሩ መሪ ላይ ስላልተኛ ነው። ለሁለተኛው ጉብኝቴ ስንት እንደምሰጥ ግን እየጻፍኩ እወስናለሁ።

የማወራው ሕንድና ፓኪስታን በየምሽቱ ባንዲራ ስለሚያወርዱበት ድንበር ነው። በሕንድ በኩል ያለው መንደር አታሪ ይባላል። በፓኪስታን በኩል ያለው ደግሞ ዋጋ። አዎ፣ ዋጋ! በሕንዷ ፑንጃብ ክልል ውስጥ የምንማር ሐበሾች «የዋጋ ዋጋው ስንት ነው?» እየተባባልን ስንት ጊዜ እንደሳቅን አልነግራችሁም። መልሱ ምንም ነው፤ በነፃ ነው የሚገባው። ከሕንዷ ከተማ ከአምሪትሳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትነዳላችሁ፣ ከማዶ ደግሞ ላሆር ከዚያም ትቀርባለች።

መጀመሪያ የሄድኩት በዲሴምበር 2023 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሆቴላችን በር ላይ የቆመ አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ልጅ «ቪአይፒ መቀመጫ አለን» ብሎ ከአራት ሰው ደህና አድርጎ ሩፒ ሰበሰበ። ስንደርስ የሰጠንን ወረቀት የሚያይ ሰው የለም። ጥበቃው ፓስፖርታችንን አየና ለውጭ ዜጎች ወደተለየው መቀመጫ አሳለፈን፣ ያውም ያለ ሳንቲም። ስልክ ደወልን፣ አላነሱም። ስለዚህ ፓስፖርት ያዙ፣ ገንዘባችሁን ያዙ፣ ታክሲ ራሳችሁ ተነጋገሩ። ቦርሳ አይገባም፣ የሴት ቦርሳም ቢሆን። በብርድ ወራት ትርኢቱ በእኛ አቆጣጠር ወደ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጀምራል፤ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ካልደረሳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው።

አሁን ወደ ትርኢቱ። ቡናና ጊዮርጊስ ሲጫወቱ ስታዲየም ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን አስቡና በመሐል ሜዳው ፋንታ አስፋልት አድርጉበት፣ በአስፋልቱ ጫፍ ላይ ደግሞ የብረት በር። ከበሩ ወዲያ ሌላ በር፣ ሌላ ስታዲየም፣ ሌላ ጩኸት አለ። በወዲህ «ሂንዱስታን ዚንዳባድ!»፣ በወዲያ «ፓኪስታን ዚንዳባድ!»፣ ለዘላለም ትኑር እንደማለት ነው። ሴቶች ባንዲራ ይዘው ይሮጣሉ፣ በቦሊውድ ዘፈን ይጨፈራል፣ ማይክ የያዘው ሰውዬ «አልሰማሁም!» እያለ ሕዝቡን ያጋጋላል። ከዚያ ወታደሮቹ ይወጣሉ። የሕንዶቹ ካኪ ለብሰው አናታቸው ላይ ቀይ ማራገቢያ የመሰለ ጥምጥም አለ፣ የፓኪስታኖቹ ጥቁር በጥቁር ናቸው። አውራ ዶሮ በሉት። እየተንጎራደዱ ይመጡና እግራቸውን እስከ ግንባራቸው ያነሳሉ። የምሬን ነው፣ ግንባር ድረስ! ማይክ ላይ ማን ትንፋሹን ሳያቋርጥ ረጅም ድምፅ ያወጣል የሚል ፉክክርም አለ፤ የእኛኛው ሲያሸንፍ (በአንድ ሰዓት ውስጥ «የእኛ» ማለት ጀምሬያለሁ) ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ በደስታ ክንዴን ጨመደዱት።

እንዲህ ሲደረግ የኖረው ከ1959 ጀምሮ ነው። በ2010 ገደማ እንደውም በዛ ተባለና፣ የወታደሮቹም ጉልበት አልቻለም ተባለና፣ ቁጣው ቀለል እንዲል ተደርጓል። እኔ ያየሁት የተቀነሰው ከሆነ የበፊቱን እንጃ።

ከመቀመጫችሁ ቀና ስትሉ ደግሞ የባንዲራ ምሰሶዎቹን ታያላችሁ። ለእኔ ከትርኢቱ ሁሉ የሚያስተምረው ይሄ ነው። በ2017 መጀመሪያ ሕንድ 110 ሜትር የሚሆን ምሰሶ አቆመች። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ፓኪስታን ወደ 122 ሜትር የሚጠጋ ሰቀለች። ሕንድ በ2023 ኦክቶበር 127 ሜትር ገደማ የሆነውን ይዛ መጣች። በቃ፣ የዚህ አካባቢ የኒውክሌር ታሪክ ከዚህ ብዙም አይለይም። ቻይና በ1964 ቦምቧን ሞከረች። በ1962 ከቻይና ጋር ተዋግታ የተሸነፈችው ሕንድ በ1974 ራጃስታን በረሃ ውስጥ ፖክራን ላይ አፈነዳች። የፓኪስታኑ ዙልፊካር አሊ ቡቶ ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ገና በ1965 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ፣ ሕንድ ቦምብ ከሠራች እኛም ሣር በልተን ቢሆን እንሠራለን ብሎ ነበር። አብዱል ቃዲር ካን የሚባለው ባለሙያ ሆላንድ ይሠራበት ከነበረው ቦታ የዩራኒየም ማበልጸጊያውን ንድፍ ይዞ መጣ፤ ኋላም ቴክኖሎጂውን ለኢራን፣ ለሊቢያና ለሰሜን ኮሪያ ማሻገሩን በ2004 በቴሌቪዥን ቀርቦ አመነ። አንዱ ምሰሶ ሲቆም የሚያየው ጎረቤት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ ሜይ 1998 መጣ። ሕንድ በ11ኛውና በ13ኛው ቀን፣ ፓኪስታን በ28ኛውና በ30ኛው ቀን፣ በየተራ አፈነዱ። እኛ በዚያው ወር ባድመ ላይ ነበርን፣ ዓይናችን ወዴት ሊያይ። የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም፣ ሲፕሪ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሕንድ 180 ገደማ፣ ፓኪስታን ደግሞ 170 ገደማ የኒውክሌር አረር እንዳላቸው ገምቷል። ምሰሶው እንኳ ልዩነቱ አምስት ሜትር ነው!

ፀሐይ ስትጠልቅ በሮቹ ብርግድ ይላሉ። ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ይገጥሙና እጅ ይጨባበጣሉ። ሁለት ሰከንድ ነው፣ ዓይናችሁን ከጨፈናችሁ አመለጣችሁ። ባንዲራዎቹ እኩል ይወርዳሉ፤ ማንም ከማንም አይቀድምም፣ ገመዱ ተጠላልፎ ሲወርድ አንዱ ከሌላው አንድ ስንዝር ከፍ አይልም። ከዚያ በሩ ድርግም።

እዚያች ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን ያህል ቁጣ እኩል ለማውረድ ጠላትህ ቀጥሎ የትኛውን እግሩን እንደሚያነሳ ማወቅ አለብህ። የፍርሃት ሚዛን የሚሉትም፣ ሁለት ባለ ኒውክሌር ጠላቶች ተፈራርተው የማይነካኩበት ማለት ነው፣ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው። እነዚህ ሁለት አገሮች አንዳቸው የሌላውን የኒውክሌር ተቋማት ላለማጥቃት በ1988 መጨረሻ ተፈራርመዋል፤ ከ1992 ጀምሮም በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 የተቋማቶቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ። ሁለቱም የእኔ ነው በሚሏት ካሽሚር፣ ካርጊል ላይ በተዋጉ ማግስትም፣ አምባሳደር በተባረረበት ዓመትም፣ ዝርዝሩ አልቀረም። ጠላትህ «አደራ፣ እዚህ እዚህ እንዳትመታኝ» ብሎ አድራሻ ሲሰጥህ አስቡት።

ልምምዱ የማይሸፍነውም አለ። በ2022 ማርች 9 ሕንድ በስህተት አንድ ብራሞስ ሚሳኤል ተኮሰች። በጥገና ላይ እያለ አመለጠን አሉ። ጦር አረር አልነበረበትም፤ ፓኪስታን ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ገብቶ ሚያን ቻኑ የምትባል ከተማ አጠገብ ወደቀ፣ ሰው አልሞተም። ሦስት መኮንኖች ተባረሩ። ፓኪስታን ደግሞ እንደ ዕድል ሆኖ መልስ አልተኮሰችም። ከዴልሂ እስላማባድ ሚሳኤል የሚበርበት ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ «ቆይ፣ ስህተት ነው» ለማለት ስልኩ መያዝ የለበትም።

እና ሜይ 2025። ኤፕሪል ላይ ካሽሚር ውስጥ ፓሃልጋም በተባለው ቦታ 26 ሰዎች ተገደሉ፣ ሕንድ ከፓኪስታን ራስ አልወርድ አለች፣ ሜይ 7 ሌሊት በአውሮፕላንና በሚሳኤል መታች። ፓኪስታን መለሰች። አራት ቀን። ፑንጃብ መብራት አጥፉ ተባለ። ዶርም ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ስልካችንን አንሶላ ውስጥ ደብቀን እናነብ ነበር። እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ሁለቱም ኒውክሌር አላቸው ትሉ የለም እንዴ? ታዲያ እንዳይዋጉ አይደል የሠሩት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ «መብራት ልናጠፋ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

አሁን ልመልስላት። እማዬ፣ ቦምቡ ትልቁን ጦርነት ያስፈራል፣ ትንሹን ግን ያስደፍራል። ሌላው እስከ መጨረሻው አይሄድም ብሎ የሚያስብ ሰው ግማሽ መንገድ ለመሄድ አይፈራም። ካርጊል የሆነው በ1999 ነው፣ ከፍንዳታዎቹ አንድ ዓመት በኋላ። ሕንድ ቀድሜ ኒውክሌር አልጠቀምም ትላለች፤ ፓኪስታን ግን እንዲህ ብላ ቃል አልገባችም፣ የሕንድ እግረኛና ታንክ ስለሚበልጣት። ናስር የሚባል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ አጭር ሚሳኤልም አላት፣ ታንኮቹ ድንበር ከተሻገሩ ለመመለሻ ተብሎ የተሠራ። እኔ ቺፕስ እየበላሁ የተቀመጥኩበት አስፋልት ለታንክ የሚመች ሜዳ መሐል ነው። በሜይ 10 ጠዋት ፓኪስታን ኒውክሌሩን የሚያዝዘውን ከፍተኛ አካል ሰበሰበች ተባለ፣ ቆይተው መከላከያ ሚኒስትሯ አልተሰበሰበም አሉ፣ ያን ቀን ማታውኑ ተኩስ ቆመ። ተሰበሰበም አልተሰበሰበም ወሬው ሥራውን ሠርቷል።

ሁለተኛ የሄድኩት ባለፈው ኖቬምበር ነው። በዚህኛው ጊዜ አስጎብኚ የሚባል አልሰማም ብዬ አንድ ጢማቸው ነጭ የሆነ የሲክ አዛውንት ታክሲ ያዝኩ። አንክልጂ ነው የምላቸው፣ እዚያ ትልቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። ቤተሰባቸው በ1947 ከላሆር አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። ከከተማዋ በታክሲ አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ኖረው ላሆርን አይተዋት አያውቁም። ትርኢቱንም አይገቡም፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ሻይ ይዘው ይጠብቃሉ።

መቀመጫው ያው ነው፣ እንደውም ጸድቷል። ሽንት ቤቱ ተሻሽሏል፣ ይመስገን። ጩኸቱ አለ፣ ጭፈራው አለ፣ እግሩ ግንባር ይነካል። በሩ ግን አልተከፈተም። ከፓሃልጋም በኋላ የተጀመረ ነው፤ በየበኩላቸው ባንዲራቸውን ያወርዳሉ፣ መጨባበጥ የሚባል ቀርቷል። ወታደሩ ተንደርድሮ መጥቶ እግሩን የሚያነሳው በተዘጋ ብረት ፊት ነው። ከኋላዬ የተቀመጡት ልጆች ልዩነቱን አላወቁትም፣ በጣም ደስ ብሏቸው ነው የወጡት። እኔ በ2018 ዛላምበሳ ላይ ሰው ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን አይቼ ያለቀስኩ ነኝ፣ ወራት ሳይቆይ በሩ መልሶ ሲዘጋም አይቻለሁ፤ የተዘጋ በር ላይ ማጨብጨብ እጄ እሺ አላለኝም።

እንግዲህ ነጥቡ፦ ለሁለተኛው ሁለት ተኩል። አንዱ ለሽንት ቤቱ፣ አንዱ ለወታደሮቹ ጉልበት፣ ግማሹ ለባንዲራው ማጠፍ፣ አሁንም በሥርዓት ነው የሚያጥፉት። ከሄዳችሁ ከበሩ ጋ በቀረበው በኩል ተቀመጡ፣ ጃኬት ያዙ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ የፑንጃብ ብርድ አይቻልም። ስትመለሱ ጉሮሮዋችሁ ስለሚሰነጠቅ ሻይ ጠጡ።

ወደ ታክሲው ስመለስ አንክልጂ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ነበሩ። ከሜይ ወዲህ ያመጡትን ሰው ሁሉ የሚጠይቁትን ጠየቁኝ።

«ተጨባበጡ?»

«አልተጨባበጡም አንክልጂ። በሩም አልተከፈተም» አልኳቸው።

ብርጭቆውን ለሻይ ሻጩ መለሱና ሞተሩን አስነሱ።