ጡረተኞች ሆይ፣ የዓመቱን ሽርሽር በአንድ ጊዜ አትክፈሉ

ባሕር ዳር ለምትኖሩም፣ ለመምጣት ለምታስቡም፣ በተለይ እንደ እኔና እንደ ባለቤቴ በጡረታ ገንዘብ ለምታድሩ ነው የምጽፈው። «የአራቱ ወቅቶች ጉዞ» እየተባለ በአንድ ክፍያ የሚሸጥ የሽርሽር ውል አለ። አትግዙት። እኛ ገዝተን ዓመቱን ሙሉ ተቃጥለናል።

ሁለታችንም ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረን ነው ጡረታ የወጣነው። ጉልበታችን ሳይከዳን ጣናንና ዙሪያውን እንየው ብለን ስንመኝ፣ ነሐሴ ላይ አንድ አስጎብኚ መጥቶ ለሁለታችን 18,000 ብር ተቀበለን። ውሉም እንዲህ ይላል፦ በመስከረም ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ በጥር የዘጌ ገዳማት፣ በሚያዝያ የጣና ደሴቶቹ ክብራንና እንጦስ፣ በሰኔ በጣና ሰሜናዊ ዳር ያለችው ጎርጎራ።

መስከረም ሲደርስ «መኪናው ጥገና ላይ ነው» ተባልን። ጥቅምትም እንዲሁ አለፈ። ፏፏቴውን ያሳዩን በግንቦት ነው! ዓባይን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጢስ ዓባይ የሚያምረው ክረምቱ ሞልቶት፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በበጋ ውሃው ይቀንሳል፤ ያለውም አብዛኛው ወደ ኃይል ማመንጫው ይዞራል። ባለቤቴ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር መጥቶ ጢሱ ልብሱን እንዳበሰበሰው ሁልጊዜ ያወራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ዳገቱን በምርኩዝ እያረፈ ወጣ። ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው ገደል ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቆየን፤ በአንድ ጠርዝ ቀጭን ውሃ ይንጠባጠባል። ምርኩዙን ተደግፎ ብዙ ቆመ፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ገንዘቡ ይቅር፤ ያንን ዝምታ ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ዘጌ መልካም ነበር፤ በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና እያዩ መሄድ ለመንፈስ ዕረፍት ነው። ነገር ግን «ሁሉም ተከፍሏል» የተባለው የገዳማት መግቢያ በየደጁ እንደገና ከኪሳችን ወጣ።

የክብራኑ ጉዞ ከሁሉም የባሰ ነው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሥርዓቱንም አከብራለሁ። ስለዚህ ባለቤቴ እዚያ ሲሳለም እኔን አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሊያደርሱኝ ተስማምተን ነበር። ጀልባ ነጂው ግን «ለእንጦስ የተከፈለኝ የለም» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ጀልባው ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የተነሣነውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች በማለዳ የሚሳፈሩት። ስንመለስ ማዕበሉ ጎናችንን ይመታ ነበር፤ ለሰባት ሰው የነበረው የሕይወት አድን ጃኬት ሁለት ብቻ ሲሆን፣ የእኔው መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ የታሰረ ነበር።

የጎርጎራው ጉዞ እስከ ዛሬ የለም። ገንዘባችንን ስንጠይቅ አስጎብኚው የውሉን ወረቀት ገልብጦ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አሳየን፦ «ፕሮግራሙ እንደ ሁኔታው ይለወጣል፤ ቅድሚያ ክፍያ አይመለስም።» ማኅተም የለበት፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለበት። መነጽሬን አድርጌ ሳላነብ መፈረሜ የእኔ ጥፋት ነው፤ እናንተ አንብቡ።

ለእያንዳንዱ ጉዞ ለብቻው፣ በየወቅቱ ክፈሉ። የቦታው ስም ብቻ ሳይሆን ወሩና የመነሻ ሰዓቱም ይጻፍላችሁ። ጃኬቱን ጀልባው ላይ ሳትወጡ ለብሳችሁ ሞክሩት። የመግቢያውን ዋጋ ከገዳሙ ሰዎች ከራሳቸው ጠይቁ። ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ተመለሱ፤ ደረሰኝ ማግኘት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሰጠን መብት ነው።

እኛ አቤቱታችንን እያዘጋጀን ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፤ ጻፉልኝና አብረን እናስገባ።