ቆቋ አሪፍ፣ ወሬው ግን...
ቅዳሜ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ወፍ ከሚያሳዩ ልጆች ጋር ወጣሁ። በሰው 600 ብር ነው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመራል። ሁለት ቆቆች ቁጥቋጦ ሥር ሲጭሩ በቅርብ አየን፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ብሩ አይቆጨኝም። አስጎብኚው ግን "ይቺ ክረምት ላይ ነጭ ትሆናለች" ሲል ሳቄ መጣ። ወንድሜ፣ ያቺ ሌላ ናት! ነጭ የምትሆነው ታርሚጋን የሚሏት፣ አይስላንድና ኖርዌይ፣ ጃፓን ተራሮች ላይም ሳይቀር የምትኖረው፣ እግሯ እስከ ጣቷ ላባ የለበሰው፣ ብርድ ሲጠና በረዶ ውስጥ ጉድጓድ ምሳ የምታድረው ናት። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ነጭ ብትሆን ጭቃው ላይ ለጭልፊት መታየት ብቻ ነው ትርፏ። መነጽሩ ደግሞ አንድ ለአምስት ሰው ነው፤ ወረፋ ስጠብቅ ቆቆቹ ሄዱ። ካላችሁ የራሳችሁን ያዙ፣ ጃኬትም አትርሱ።