«የሰው ማይክሮግሊያ» ብለው የአይጥ ሕዋስ ሸጡልኝ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ለምርምር ሕዋስ የምትገዙ ሁሉ አንብቡት። ማይክሮግሊያ የአንጎል የመከላከያ ሕዋስ ነው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሕዋሱን ከሌላ አምጥተው የራሳቸውን ስም ይለጥፉበታል፤ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ለጥያቄ ሁሉ ፈጣን ናቸው። «የሰው ማይክሮግሊያ፣ ማንነቱ የተረጋገጠ» የተባሉ ሁለት ብልቃጦች በደረቅ በረዶ ታሽገው ደረሱኝ። አንዱን አቅልጬ አሳደግሁ፤ ኢባ-1 የተባለውን የማይክሮግሊያ ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ሳቀልመው ደምቆ ታየ። ያ አንቲቦዲ የሰውንም የአይጥንም ማይክሮግሊያ እንደሚያቀልም አውቃለሁ። የሰው ሲባል የኖረው ሲኤችኤምኢ-5 የተባለ የማይክሮግሊያ ሕዋስ መስመር የአይጥ ሆኖ መገኘቱንም ከዓመታት በፊት አንብቤአለሁ። እያወቅሁ አመንኳቸው፤ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሦስት ወር ሠራሁ። የማጠናው ከአልዛይመር ጋር የተያያዘውን የሰው ሲዲ33 ጂን ነው። የሰው ፕራይመር (የሰውን ጂን ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ምንም ውጤት አልሰጥ ሲለኝ ጥፋቱን በእጄ ላከክሁ፤ ኬሚካሉን ሁሉ ለወጥሁ። በመጨረሻ ዝርያ የሚለይ ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ ሠራሁ። የተባዛው ዲኤንኤ በሰረዝ በሚታይበት ጄል ላይ በሰው ረድፍ የእኔ ናሙና ባዶ ነው፤ በአይጥ ረድፍ ግን ወፍራም ሰረዝ ያበራል።

ስልክ ደወልሁ። ሠራተኛዋ ሳታስጨርሰኝ «ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ተቀላቅሎባችሁ ይሆናል» አለች። ሁለተኛውን ብልቃጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እንደታሸገ አቆይቼው ነበርና፣ ከእሱም በቀጥታ ዲኤንኤ አውጥቼ ያው የአይጥ ሆኖ እንዳገኘሁት ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ልጅ እንደሚያባብል ሰው በለዘበ ድምፅ፣ «የአይጥ ቢሆንስ፣ ያው ማይክሮግሊያ አይደለም እንዴ? ሌሎች ደንበኞች እኮ አልተቆጡም» አለችኝ። ሌሎች ደንበኞች! ያንን ሕዋስ የሰው ነው ብለው እየሠሩበት ያሉ ሰዎች አሉ ማለት ነው። «ብልቃጡ ከተከፈተ ገንዘብ አይመለስም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የማረጋገጫ ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ግርጌው ላይ ያለው የምርት ቁጥር በብልቃጦቹ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ሦስት ወር ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ፤ አንድ ቀን እንኳ አላስተያየሁትም።

ቁጥሩን በተረከባችሁበት ቀን አስተያዩ። የዝርያ ፒሲአሩንም ሙከራ ሳትጀምሩ ሥሩ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የሰው መሆኑ ሲረጋገጥ የሕዋሱን የዲኤንኤ አሻራ የሚለየውን የኤስቲአር ምርመራ ጨምሩ፤ ሕዋስ የሚበክለውን ባክቴሪያ፣ ማይኮፕላዝማንም መመርመር አትርሱ። እኔ ሁለቱንም ጄሎች ፎቶ አንስቼ ለሻጩ በጽሑፍ ልኬአለሁ፤ መልስ አልመጣም።