ደብረ ብርሃን ያላችሁ የጂአርኢ ተፈታኞች፣ ብራችሁን ያዙ

ሰሞኑን ለጂአርኢ፣ ማለትም ለውጭ አገር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ «ቨርባል (የእንግሊዝኛ ቋንቋው ክፍል) ከ160 በላይ፣ ካልመጣ ብሩ ተመላሽ» እያለ በቴሌግራም የሚያስተዋውቅ ማሰልጠኛ ደብረ ብርሃን ውስጥ አለ። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የአክስቴ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን እየወጣች ተማረችበት። 9 ሺህ ብር በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ አስገባች። ደረሰኝ አልተሰጣትም። ብሩን እንዲመልሱላት ስትጠይቅ ደግሞ «በሚቀጥለው ዙር በነጻ ድገሚ» አሏት።

ሃንድአውቱን ተቀብዬ አየሁት። ፎቶኮፒው ከመደጋገሙ የተነሳ ዳር ዳሩ ተቆርጧል። በግራ ቃል፣ በቀኝ ተቃራኒው። «ሎኳሺየስ» (ለፍላፊ) ይልና ፊት ለፊቱ «ታሲተርን» (ዝምተኛ) ይላል። እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲሁ ነው። የተቃራኒ ቃል ጥያቄ ግን ከጂአርኢ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው! ብርስ ተሠርቶ ይገኛል። ልጅቷ ለሌለ ጥያቄ ያጣችው እንቅልፍ ነው ያንገበገበኝ።

የአሁኑ ቨርባል በሁለት ክፍል 27 ጥያቄ ነው፤ ጊዜው 41 ደቂቃ። ባዶ ቦታ መሙላት አለ፣ አንብቦ መረዳት አለ፣ ከስድስት ምርጫ ሁለት ቃል መምረጥም አለ። በዚህኛው አንዱን ብቻ ብታገኙ ምንም ነጥብ የለም። የቃል ዝርዝር የሸመደደ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ቃላት ሲያይ ቶሎ ብሎ ይመርጣቸዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን በ«ኦልዞው» («ምንም እንኳ») ጀምሮ ሐሳቡን ገልብጦት ሊሆን ይችላል። ቃል ማወቅማ የግድ ነው፤ ግን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ እያያችሁት ይሁን።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ የሚባል ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በነጻ ይሰጣል። አካውንት መክፈት ብቻ ነው። አንዱን አሁኑኑ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፣ የተሳሳታችሁበትን ምክንያት በደብተር ጻፉ። ሌላውን ለፈተናው መዳረሻ አቆዩት። በመሃል በየቀኑ አንድ ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቡና የእያንዳንዱን አንቀጽ ሐሳብ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

እነዚሁ ሰዎች ተጨማሪ እያስከፈሉ «የወጣ ጥያቄ» ይሸጣሉ። አትንኩት። የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ውጤታችሁ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና አይመጣም። ኢቲኤስ ከጠረጠረም ውጤት ይሰርዛል።

የግድ መማር የምትፈልጉ ካላችሁ መጀመሪያ ሃንድአውቱን አሳዩን በሉ። የተቃራኒ ቃል ዝርዝር ከሆነ ጥላችሁ ውጡ። የብር ተመላሽ ቃላቸውንም በጽሑፍ፣ ከደረሰኝ ጋር ተቀበሉ።

የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ፣ የማስታወቂያውንም ስክሪንሾት ያዙ። ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ እያዘጋጀን ስለሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አብረን እንግባ።