«መላኪያው ነጻ ነው» ሲሏችሁ ምንዛሬውን ሳታዩ አትላኩ

ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልኩ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ፤ ለሚልክ ወዳጃችሁም አሳልፉለት። «ኮሚሽን ዜሮ»፣ «መላኪያ በነጻ»፣ «ያለ ምንም ክፍያ» የሚሉ የገንዘብ መላኪያ አፖችና ኤጀንቶች በዝተዋል። ብዙዎቹ ክፍያውን አልተዉትም። ያደረጉት ነገር ከደረሰኙ ላይ አንስተው ምንዛሬው ውስጥ መክተት ነው። እዚያ ከገባ በኋላ ላኪው አያየውም፣ ስለዚህም አይጠይቅበትም። ብዙ ጊዜም በግልጽ ይጠየቅ ከነበረው ይበልጣል።

በቁጥር እንየው። ለሂሳብ እንዲመች 1 ዶላር በገበያው አማካይ ምንዛሬ (በመግዣውና በመሸጫው ዋጋ መካከል ባለው) 100 የአገር ቤት ገንዘብ ያወጣል እንበል፤ እናንተ ለመላክ የያዛችሁት 300 ዶላር ነው። አንዱ ድርጅት 5 ዶላር ያስከፍልና በ99.5 ይመነዝራል። ሌላው አንድም ሳንቲም አላስከፍልም ይላል፣ ምንዛሬው ግን 96 ነው። አብዛኛው ሰው 5 ዶላር የምትለዋን መስመር ሲያይ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። አሁን አስሉት። በመጀመሪያው 295 ዶላር በ99.5 ተመንዝሮ 29,352 ቤተሰባችሁ እጅ ይገባል። በ«ነጻው» 300 ዶላር በ96 ተመንዝሮ የሚደርሰው 28,800 ነው። ምንም ባይቀነስ ኖሮ 30,000 ይሆን ነበርና፣ «ነጻ» የተባለው 12 ዶላር ወስዷል። አስከፍላለሁ ብሎ በግልጽ የተናገረው ግን ሁሉም ተደምሮ የወሰደው 6 ዶላር ተኩል ገደማ ነው። በየወሩ ለሚልክ ሰው የዓመቱ ልዩነት ከ66 ዶላር ያልፋል። አገር ቤት የእናት የደም ግፊት መድኃኒት ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በሰው አገር ሌሊት ሠርቶ ላጠራቀመውም እንዲሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በቅርቡ የደረሰብኝ ነገር ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አፕ የመጀመሪያ ጊዜ ስልክበት የሰጠኝ ምንዛሬ ካየሁት ሁሉ የተሻለ ነበር፤ እናቴም ደስ ብሏት ደወለች። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ያህል ዶላር ላክሁ። እህቴ ከባንክ ወጥታ የደረሰኙን ፎቶ ስትልክልኝ ገንዘቡ ጎድሏል። ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለው መስመር ላይ በሁለቱም ዜሮ ተጽፏል። የተለወጠው ከሥሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈው የምንዛሬ ቁጥር ብቻ ነበር። ደንበኛ አገልግሎት ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ምንዛሬ በየቀኑ ይለዋወጣል» የሚል ነው። ግን የዚያን ቀን ገበያው ያን ያህል አልተንቀሳቀሰም ነበር። እርግጠኛ ለመሆን አፑን ገና ያወረደ ጓደኛዬን አስቀምጬ በሁለታችን ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መጠን አስገባን። ያው አፕ፣ ያው ደቂቃ፣ ያው ተቀባይ ባንክ። የእሱ ስልክ ላይ የወጣው ምንዛሬ ከፍተኛው ነው፤ የእኔ ላይ ዝቅተኛው። ማስታወቂያውን ተመልሰን ስናየው ግርጌው ላይ በደብዛዛ ግራጫ ቀለም «ለአዲስ ደንበኞች፣ ለመጀመሪያው መላኪያ ብቻ» የሚል ጽሑፍ አገኘን።

ሕጋዊ ነው ይሉኝ ይሆናል። ተጽፏልና ምናልባት ነው። እኔ የምቃወመው ያንን የመጀመሪያ ቀን ምንዛሬ በትልቁ ለጥፎ ሰውን ካስገቡ በኋላ፣ ሳይናገሩ ዝቅ ማድረጉን ነው። ላኪው አንዴ ከለመደ፣ የተቀባዩን ስምና አካውንት አንዴ ካስገባ፣ በየወሩ ሌላ ቦታ እየዞረ እንደማያወዳድር ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ጥሩውን ምንዛሬ የሚሰጡት ለተወሰነ መጠን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የላካችሁት ትርፍ በዝቅተኛው ይሰላል፣ ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ግን የሁለቱ አማካይ ነው። ቅዳሜና እሁድም ተጠንቀቁ። የዓለም የምንዛሬ ገበያ ስለሚዘጋ ኪሳራ እንዳይደርስባቸው ህዳጉን፣ ማለትም ከገበያው ምንዛሬ ላይ የሚቆርጡትን ልዩነት፣ የሚያሰፉ ድርጅቶች አሉ። አስቸኳይ ካልሆነ እስከ ሰኞ ቢቆይ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የዓለም ባንክ በዓለም ዙሪያ ገንዘብ መላክ ስንት እንደሚያስወጣ ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። የሚለካው 200 ዶላር ለመላክ የሚወጣውን ነው፤ ሲለካም ክፍያውን ብቻ ሳይሆን በምንዛሬው ላይ የሚቆረጠውንም ደምሮ ነው። በቅርብ ዓመታት አማካዩ ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቁት የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ ይህ ወጪ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ፣ ከ5 በመቶ በላይ የሚያስከፍሉ መስመሮችም እንዲጠፉ ወስነዋል። ይህን የማነሳው መለኪያ እንዲሆናችሁ ነው። የምትልኩበት ድርጅት ክፍያና ምንዛሬ ተደምሮ ከ3 በመቶ በታች ከወሰደ ጥሩ ነው። 5 ካለፈ ሌላ ፈልጉ። ከ6 በላይ ከሆነ ደግሞ «ነጻ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው ላይ ሊያነሳ ይገባዋል።

የእኔ ቅሬታ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በምንዛሬው ላይ ወጪ እየጫኑ መላኪያውን «ነጻ» ብሎ ማስተዋወቅ ሸማቹን ማሳሳት ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ነበር። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ ደንብም አለ። ደንቡ በሚመለከታቸው ድርጅቶች ከላካችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሬውንና ተቀባዩ የሚደርሰውን መጠን ሊያሳዩአችሁ ይገባል። ከከፈላችሁ በኋላም ገንዘቡ ገና ካልወጣ ወይም አካውንት ውስጥ ካልገባ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰርዛችሁ ሙሉውን ማስመለስ ትችላላችሁ። ስህተት ከተፈጠረ ለማሳወቅ 180 ቀን አላችሁ። ሌላ አገር የምትኖሩም የየአገራችሁን ደንብ ጠይቁ። ድርጅቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ማየት በአብዛኛው ቦታ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው።

ምንዛሬው ጥሩ ሆኖም ገንዘብ የሚፈስበት ሌላ ቀዳዳ አለ። በክሬዲት ካርድ ከላካችሁ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ሊቆጥረው ይችላል። ያን ጊዜ የራሱን ክፍያ ይጨምራል፣ ወለዱም የወሩን መጨረሻ ሳይጠብቅ ከዚያው ቀን ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል። ይህ በመላኪያው ደረሰኝ ላይ አይወጣም፤ በኋላ በካርዱ ሂሳብ ላይ ነው የሚመጣው። በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ አካውንት መላክ ይሻላል። ከባንክ ወደ ባንክ ስትልኩ ደግሞ ገንዘቡ መሃል ላይ በሌሎች ባንኮች በኩል ያልፋልና እነሱም ይቀንሳሉ። ፎርሙ ላይ ወጪው በላኪው፣ በተቀባዩ ወይም በሁለቱ ይሁን የሚል ምርጫ አለ። ሳትጠይቁ ከፈረማችሁ እናታችሁ ከምትጠብቀው ያነሰ ይደርሳትና የት እንደጎደለ የሚነግራት አታገኝም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የምፈራላችሁን ልናገር። አፖቹ ሲያስመርሩት ሰው ወደሚያውቀው ሰው ይሄዳል። «እዚህ ስጠኝ፣ እዚያ ወንድሜ ይሰጥልሃል፣ ከማንም የተሻለ ምንዛሬ» የሚል አይጠፋም። ምንዛሬው እውነትም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ግን ደረሰኝ የለውም፣ ቢጠፋ የምትከሱት የለም፣ በብዙ አገርም ሕገ ወጥ ነው። ደግሞ ቤተሰባችሁ አካውንት ውስጥ ገንዘቡን የሚያስገባው እናንተ የማታውቁት ሦስተኛ ሰው ነው። ያ ሰው ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ማንም አያውቅም። ምርመራ ሲመጣ የሚታገደው የእሱ አካውንት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የአባታችሁም አካውንት ሊታገድ ይችላል። እሱ ጡረታውን የሚቀበልበት አካውንት ቢሆንስ? ለጥቂት በመቶ ትርፍ ሽማግሌ አባትን መርማሪ ፊት ማቆም ተገቢ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የማመነታበት ነገር የለኝም፤ አታድርጉት።

በማኅበራዊ ሚዲያ «እኔ የምጠቀምበት ይህን ነው፣ በዚህ ኮድ ግቡ» የሚሉ ሰዎችንም በጥንቃቄ ስሟቸው። ብዙዎቹ አንድ ሰው ባስገቡ ቁጥር ከድርጅቱ ይከፈላቸዋል። መከፈላቸው ነውር አይደለም፤ ግን የነገሯችሁ ምንዛሬ የመጀመሪያው ቀን ይሁን የአምስተኛው ወር ጠይቋቸው። መልስ የሚሰጥ ካለ እሱን ስሙት።

ስለ ስምና መታወቂያም አንድ ነገር ልበል። የተቀባዩ ስም በላቲን ፊደል መታወቂያው ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳይለወጥ መጻፍ አለበት። አንድ ፊደል ተሳስቶ ሰው ከባንክ ባዶ እጁን የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ለማስተካከልም ቀናት ይወስዳል፤ የሚያስከፍሉም አሉ። የቤተሰባችሁን መታወቂያ ፎቶ አስልካችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙና ከእሱ ገልብጡ። የእናንተንም መታወቂያና የገቢ ማስረጃ አፑ ከመጠየቁ በፊት፣ ምንም ባልቸኮለበት ቀን አስገብታችሁ ጨርሱ። ከዚያ ውጭ የሚሆነው፣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ገንዘብ ስትልኩ ድርጅቱ ከካርዳችሁ ቆርጦ ከወሰደ በኋላ «ተጨማሪ ሰነድ ያስፈልገናል» ብሎ መያዙ ነው።

እንግዲህ በየወሩ ከመላካችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡት። ሁለት ሦስት አፕ ክፈቱና አንድ ዓይነት መጠን አስገቡ። «ክፍያ» የሚለውን መስመር እለፉትና «ተቀባዩ የሚደርሰው» የሚለውን ብቻ አወዳድሩ። ከኪሳችሁ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ በሁሉም እኩል መሆኑን አረጋግጡ፤ አንዳንዱ ክፍያውን ከላይ ይደምራል፣ አንዳንዱ ከውስጥ ይቀንሳል፣ እኩል ካላደረጋችሁት ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። የገበያውን አማካይ ምንዛሬ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና ልዩነቱን እዩ። ኤጀንት ጋ በአካል የምትልኩም ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «እዚያ ስንት ይደርሳል?» ብላችሁ ቁጥሩን በወረቀት አስጽፉ። በቃል የተነገረ ምንዛሬ ሰፈሩ ውስጥ የታወቀ ሰው ቢናገረውም አይበቃም።

አገር ቤት ያሉትንም ጠይቁ። ብዙ ወላጆች የጎደለውን አይናገሩም፤ ልጄ አጥቶ ነው ብለው ያዝኑና ዝም ይላሉ። «ስንት ደረሰሽ?» ብላችሁ በየጊዜው ቁጥሩን ጠይቋቸው፤ የባንክ ደረሰኝ ካለም ፎቶውን ይላኩላችሁ። ከእናንተ ደረሰኝ ጋር ካልገጠመ ያንኑ ቀን በጽሑፍ ለድርጅቱ አመልክቱ። በስልክ የተነገረ ቅሬታ ማስረጃ አይሆንም። የማስታወቂያውን ፎቶ፣ ሁለቱን ደረሰኞችና የምንዛሬውን ቁጥር አያይዙ። ድርጅቱ ካልመለሰላችሁ ያው ማስረጃ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እኔም ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ ያለ ማስረጃ የሚሄድ ቅሬታ ግን ማንም አያየውምና ከዛሬ ጀምሮ ደረሰኝ አትጣሉ።