የሆንዳ ኦዲሲ ዋተር ፓምፕና ታይሚንግ ቤልት፦ የአይሲንን ሙሉ ኪት ገዝቼ ቤት ገጠምኩት

ዕቃው ጥሩ ነው። ሥራው ግን እንደ ዘይት ቅየራ አይደለም፤ ይህን ሳታውቁ ኮፈን እንዳትከፍቱ።

መኪናዬ የ2008 ኦዲሲ ናት፣ ቪ-ስድስት ሞተር። ልጆቹን፣ የሳምንቱን አስቤዛ፣ እሁድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችን የምትሸከመው እሷ ናት። በቅርቡ በተሳፋሪው በኩል ከሞተሩ ሥር ሰማያዊ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረች። ሰማያዊው የሆንዳ ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ኩላንቱን የሚያዘዋውረው ዋተር ፓምፕ ከታይሚንግ ቤልቱ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ከሚያጣጥመው ቀበቶ) ሽፋን ኋላ ተደብቆ፣ የሚዞረውም በራሱ በታይሚንግ ቤልቱ ነው። የውስጥ ጎማው ሲያልቅ ውሃው በትንሽ ቀዳዳ ይወጣና በሽፋኑ ሥር ይወርዳል። ፓምፑ ነክሶ እስኪቆም ከተጠበቀ ቤልቱን ይዞት ይሄዳል። ቤልቱ ሲበጠስ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያኔ ወሬው የፓምፕ ሳይሆን የሞተር ይሆናል።

ዲለር ደውዬ 1,300 ዶላር ገደማ አሉኝ። ኪቱ በ200 ዶላር አካባቢ ተገኘ። የዋጋ ልዩነቱ የጉልበት ነው፤ ፓምፑ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ሁሉ ቤልቱን ለመቀየርም የሚፈታው ነው። ስለዚህ ፓምፕ ብቻ ገዝቶ አሮጌውን ቤልት መልሶ መግጠም ለእኔ ቁጠባ አይደለም። ለቤልቱ በተለምዶ የሚባለው 105,000 ማይል ወይም 7 ዓመት ነው፤ የእኔ በዕድሜም በማይልም አልፎታል።

ካርቶኑ ውስጥ ፓምፑ ከነጎማው፣ ቤልቱ፣ ቤልቱን የሚወጥረው የዘይት ቴንሽነርና ሁለት ፑሊዎች አሉ። አይሲን ለጃፓን የመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ የሚያቀርብ ኩባንያ ነው፤ ቤልቱ ላይ ደግሞ ሚትሱቦሺ የሚል ታትሞበታል። ፓምፑን በእጅ ሳዞረው ድምፅም ጨዋታም የለውም። አሮጌው ግን እንደ ቡና ወፍጮ ይንኮሻኮሻል። ጎማው በቦይው ልክ ቁጭ ይላል፣ ሲሊኮን መቀባት አያስፈልግም። አምስቱ ቡሎኖች ትንንሽ ናቸው፤ ጉልበት አይወዱም፣ በስሱ ተራ በተራ ይጠበቃሉ።

የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ቡሎን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ባለ 19 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሆንዳን የሚያውቅ ሁሉ ይረግመዋል። ተራ ቡሶላ እየተጣመመ ኃይሉን ይውጠዋል፤ ለዚሁ የተሠራ ወፍራም ቡሶላ አለ፣ እሱን ግዙ። ፑሊውን አንቆ የሚይዘውን ባለ 50 ሚሊ ሜትር መያዣ ግን አትግዙ፤ አውቶዞን የሚባለው የመለዋወጫ መደብር ተቀማጭ ተቀብሎ ያውሳል፣ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ይመልሳል። ይህን አገልግሎት ብቻውን አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ።

ሥራውን የሠራሁት ዉድብሪጅ፣ የአክስቴ ልጅ ግቢ ውስጥ ነው፤ የእኔ አፓርታማ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መፍታት ክልክል ነው። ጎረቤቱ ድሮ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሠሩ መካኒክ ናቸው። ከቡሎኑ ጋር ስታገል ከአጥር ማዶ አይተው፣ “አንተ ልጅ፣ በዚህች አጭር እጀታ ልትፈታው ነው? ቱቦ ስካባት እንጂ!” አሉኝ። “ጋሼ፣ እንዳይሰበር ፈርቼ ነው” ብላቸው፣ “እሱ አይሰበርም፤ የሚሰበረው ያንተ ወገብ ነው።” የአጥር ቧንቧ ትርፍራፊ አምጥተው ሰካነው፤ እንደ ጥይት ጮኾ ተፈታ።

ከዚያ በኋላ ጉልበት ሳይሆን ዓይን ነው የሚያስፈልገው። ሞተሩን በክሪክና በጣውላ ደግፎ የጎኑን ማውንት (የሞተሩን መያዣ) መፍታት፣ ሽፋኖቹን ማውጣት፣ የክራንኩንና የሁለቱን ካሞች (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) ምልክት ማገጣጠም። አንድ የወደድኩት ዘዴ አለ፤ የሆንዳ የጥገና መመሪያም ይለዋል፦ ባትሪውን ከሚይዙት ረጃጅም ቡሎኖች አንዱን ጫፉን ሞርዶ፣ መወጠሪያው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ እዚያው ቴንሽነሩ ጋ አስገብቶ ማሰር። ቤልቱ ሲወልቅ የኋላው ካም በቫልቭ ስፕሪንግ ተገፍቶ ዘሎ ሊዞር ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ቀስ ብሎ በቁልፍ ወደ ምልክቱ ይመለሳል። አዲሱ ቤልት ከክራንኩ ተነስቶ በአይድለሩ (ከሁለቱ ፑሊዎች አንዱ)፣ በፊተኛው ካም፣ በፓምፑና በኋለኛው ካም ዞሮ መጨረሻ ላይ መወጠሪያው ፑሊ ላይ ይወጣል። አዲሱን ቴንሽነር ጨምቆ የያዘውን ፒን ግን ሁሉም ቦታው ሳይገባ እንዳትነቅሉ።

በቁልፍ ከማስነሳታችሁ በፊት ሞተሩን በእጅ፣ በቡሶላ፣ ደጋግማችሁ አዙሩ፤ የሆነ ቦታ ከነካና ከቆመ አትግፉት፣ ምልክቱን እንደገና እዩ። ሦስቱም ምልክቶች ተገናኝተው ሲመለሱ ጋሼ “በል አስነሳት” አሉ። ማሞቂያውን ከፍተን ኩላንት እየጨመርን አየሩን አስወጣን። አሁን ሥሯ ደረቅ ነው፣ የሙቀት መርፌውም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የምነቅፈው፦ ቴርሞስታት (የኩላንቱን ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚቆጣጠረው) እና ኩላንት ለብቻቸው ነው የሚገዙት፣ ውሃው ተደፍቶ እያለ ቴርሞስታቱን አለመቀየር ደግሞ ሞኝነት ይመስለኛል። የሚሸጡትም ብዙ ዓይነት ሰዎች ናቸውና፣ በጣም የረከሰውን ከማይታወቅ ሻጭ አታዙ፤ እኔ ከታወቀ የመለዋወጫ መደብር ነው የወሰድኩት። የወጣውን አሮጌ ኩላንት ክዳን ባለው ዕቃ ያዙት፤ ጣፋጭ ነው፣ ውሻና ድመት ከላሱት ይገድላል።

ሆንዳ አኮርድ ያላችሁ ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት ሞተሩን እዩ። ከ2003 ወዲህ ያለው ባለ አራት ሲሊንደር በሰንሰለት ነው የሚሠራው፤ ይህ ኪት የቪ-ስድስቱ ነው።